በጣሪያ ሥር የተከፈተ ቤተ ሙከራ
የሥነ ልቡና ትምህርት በዌልስሌይ ኮሌጅ ከ1891 እስከ 1914

መግቢያ

ሥነ ልቡና ከፍልስፍና ተለይቶ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ከሆነ ገና ሁለት መቶ ዓመት አልሞላውም። የዚህን ትምህርት ታሪክ የሚተርኩ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ቩንት በ1879 በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ካቋቋሙት ቤተ ሙከራ ነው። ከዚያም ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግረው ስታንሊ ሆል በ1883 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የከፈቱትን ቤተ ሙከራ ይጠቅሳሉ። በዚህ ዓይነቱ አተራረክ ጎልተው የሚታዩት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችና ስመ ጥር ፕሮፌሰሮች ሲሆኑ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚማረው ተራ ተማሪና እርሱን የሚያስተምረው አነስተኛ ኮሌጅ ግን እምብዛም ቦታ አይሰጣቸውም።

ይሁን እንጂ አንድ አዲስ የትምህርት ዓይነት ሥር የሚሰድደው ሊቃውንት ስለ ተመራመሩበት ብቻ አይደለም። ወጣቶች በክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ በእጃቸው ሠርተው፣ በዓይናቸው ዓይተው ሲቀበሉት ነው። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብና ጥቂት መሣሪያ ብቻ የነበረው አንድ አነስተኛ ኮሌጅ ሙከራዊ ሥነ ልቡናን ለተማሪዎቹ እንዴት ሊያቀርብ እንደቻለ መመርመር ለመምህራንም ሆነ ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ጠቃሚ ይሆናል። ለዚህ ጥናት የተመረጠው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት የሚገኘው ዌልስሌይ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በ1891 የከፈተው የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ በሴቶች ኮሌጅ ውስጥ የተቋቋመ የመጀመሪያው ሲሆን፣ በጠቅላላው በአሜሪካ ከተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ያህል ቤተ ሙከራዎችም አንዱ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ኮሌጁና ዘመኑ

ዌልስሌይ ኮሌጅ የተቋቋመበትን ሕጋዊ ፈቃድ ያገኘው በ1870 ሲሆን፣ በሩን ለተማሪዎች የከፈተው በ1875 ነው። በዚያ ዓመት የተቀበላቸው ተማሪዎች ቁጥር 314 ነበር። መሥራቾቹ ሄንሪ ዱራንት የተባሉ የሕግ ሰውና ባለቤታቸው ፖሊን ዱራንት ሲሆኑ፣ ኮሌጁ ከቦስተን ከተማ በስተምዕራብ በምትገኝ መንደር፣ በዋባን ሐይቅ ዳርቻ ተሠራ። የመማሪያ ክፍሎች፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የመመገቢያ አዳራሹና የተማሪዎቹ መኝታ በብዛት የተሰበሰቡት «ኮሌጅ አዳራሽ» በሚባል አንድ ግዙፍ ሕንፃ ውስጥ ነበር። መሥራቾቹ ከጅምሩ የያዙት አንድ ጽኑ አቋም ነበራቸው። ይኸውም ኮሌጁ ሴቶችን የሚያስተምር ብቻ ሳይሆን ሴቶች የሚያስተምሩበትም እንዲሆን ነበር።

ይህ አቋም በዘመኑ ቀላል አልነበረም። ኤድዋርድ ክላርክ የተባሉ የቦስተን ሐኪም በ1873 ባሳተሙት መጽሐፍ ልጃገረዶች እንደ ወንዶች ከፍተኛ ትምህርት ቢከታተሉ ጤንነታቸውን ይጎዳል፣ በተለይም የመውለድ ችሎታቸውን ያዳክማል ሲሉ ጽፈው ነበር። መጽሐፉ ብዙ አንባቢ አገኘ፤ ወላጆችንም አስፈራ። እንግዲህ ዌልስሌይ የተከፈተው የሴት ልጅ አእምሮና አካል ከፍተኛ ትምህርትን ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር በጋለበት ወቅት ነበር። የሥነ ልቡና ትምህርት በዚህ ኮሌጅ የተለየ ትርጉም ያገኘውም ስለዚህ ነው። ተማሪዎቹ ስለ ሰው አእምሮ ሲያጠኑ፣ ሌሎች በእነርሱ አእምሮ ላይ ፍርድ እየሰጡበት ያለውን ጉዳይ ራሳቸው ይመረምሩ ነበር።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ኮሌጆች ስለ አእምሮ የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው «የአእምሮ ፍልስፍና» ይባል ነበር። ይህን ትምህርት በመጨረሻው ዓመት ለሚገኙ ተማሪዎች የሚያስተምሩት ብዙውን ጊዜ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ተማሪው የተመደበለትን መጽሐፍ አንብቦ በቃሉ ይይዛል፤ በማግሥቱም በመምህሩ ፊት ቆሞ ይወጣዋል። ሙከራ፣ ልኬትና ምልከታ በዚህ ትምህርት ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

ሆኖም ዌልስሌይ በሌሎች የሳይንስ ትምህርቶች ረገድ የተሻለ ልምድ ነበረው። ሳራ ዊቲንግ የተባሉት የፊዚክስ መምህርት በ1878 ለተማሪዎች የፊዚክስ ቤተ ሙከራ አቋቁመው ነበር። ተማሪዎቹ መሣሪያዎቹን በገዛ እጃቸው እንዲያንቀሳቅሱ ይደረግ ስለ ነበር፣ ሳይንስ በእጅ ተሠርቶ የሚማሩት ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ በኮሌጁ እንግዳ አልነበረም። የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራው ሲታሰብ መሬቱ አስቀድሞ ታርሶ ቆይቶታል ማለት ይቻላል።

2. መምህርቷን ማዘጋጀት

ሜሪ ዊትን ካልኪንስ የተወለዱት በ1863 ሲሆን አባታቸው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። በስሚዝ ኮሌጅ የጥንት ቋንቋዎችንና ፍልስፍናን አጥንተው በ1885 ተመረቁ። ከቤተሰባቸው ጋር አውሮፓን ጎብኝተው ከተመለሱ በኋላ በ1887 በዌልስሌይ የግሪክኛ ቋንቋ መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። የሥነ ልቡና ሥልጠና አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ የፍልስፍና ክፍሉ አዲሱን ትምህርት ለመጀመር ሰው ሲፈልግ፣ የማስተማር ተሰጥዎአቸውና ለፍልስፍና ያላቸው ዝንባሌ ታይቶ ታጩ።

ኮሌጁ እዚህ ላይ የወሰደው እርምጃ ሊጤን የሚገባው ነው። ወይዘሪት ካልኪንስ መጽሐፍ ብቻ ተሰጥቷቸው በሚቀጥለው ወር ክፍል እንዲገቡ አልተደረገም። አዲሱን ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት አንድ ዓመት እንዲያጠኑ ተወሰነ። ችግሩ ግን የሚያጠኑበት ቦታ ማግኘት ሆነ። በዘመኑ የሥነ ልቡና የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከእነዚያም ብዙዎቹ ለሴቶች ዝግ ነበሩ። ለመኖሪያቸው ቅርብ የሆነው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲም ሴት ተማሪ አይመዘግብም ነበር። አባታቸውና የዌልስሌይ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ከጻፉ በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲው የበላይ አስተዳደር በጥቅምት 1890 የዊሊያም ጄምስንና የጆሳያ ሮይስን ትምህርት እንዲከታተሉ ፈቀደ። ሆኖም ፈቃዱ እንደ እንግዳ እንጂ እንደ ተመዘገበ ተማሪ እንደማይቆጠሩ በግልጽ የሚያስታውቅ ነበር።

ያ ወቅት ለሥነ ልቡና ትምህርት የተለየ ወቅት ነበር። ፕሮፌሰር ጄምስ ብዙ ዓመት የደከሙበትን «የሥነ ልቡና መሠረተ ሐሳቦች» የተባለውን ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በዚያው በ1890 ነው። በሴሚናሩ የተመዘገቡት ጥቂት ወንዶች ተማሪዎች ወዲያው ስለ ተዉት፣ ወይዘሪት ካልኪንስ ከመምህራቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ሁለቱ በቤተ መጻሕፍት ምድጃ ግራና ቀኝ ተቀምጠው አዲሱን መጽሐፍ ይወያዩበት እንደ ነበር ካልኪንስ በኋላ ዘመን በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው አስታውሰዋል።

የቤተ ሙከራውን አሠራር ግን የተማሩት በዉስተር ከተማ ከሚገኘው ከክላርክ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከኤድመንድ ሳንፎርድ ነበር። ሳንፎርድ መሣሪያ በመንደፍና በመሥራት የታወቁ ሰው ሲሆኑ፣ ጀማሪ ተማሪዎች ሊሠሯቸው የሚችሉ ሙከራዎችን አሰባስበው በ1891 በተከታታይ ማሳተም ጀምረው ነበር። ሁለቱ በጋራ ካካሄዷቸው ጥናቶች አንዱ በሕልም ላይ የተደረገው ነው። የሚቀሰቅስ ሰዓት በተለያየ የሌሊት ክፍል እንዲደውል እያደረጉ፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ እርሳስና ወረቀት ከራስጌያቸው አስቀምጠው፣ በነቁ ቁጥር ያዩትን ሕልም ሳይረሱት ይጽፉ ነበር። በዚህ ዘዴ ካልኪንስ በ55 ሌሊት 205፣ ሳንፎርድ ደግሞ በ46 ሌሊት 170 ሕልሞችን መዘገቡ። በ1893 የታተመው ይህ ጥናት ሕልም በአብዛኛው ሰው ነቅቶ ከሚውልባቸው ቦታዎች፣ ሰዎችና ጉዳዮች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ለዚህ ጥናት የተጠየቀው መሣሪያ በማንኛውም ቤት የሚገኝ ነበር። ሥራውን ሳይንስ ያሰኘው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ሥርዓት ያለው አመዘጋገቡ ነበር።

3. ቤተ ሙከራውና ትምህርቱ

ወይዘሪት ካልኪንስ በ1891 መከር ወራት ወደ ዌልስሌይ ተመልሰው ሥራ ጀመሩ። ለቤተ ሙከራው የተመደበው ገንዘብ 200 ዶላር ያህል ነበር። የተሰጠው ቦታም በኮሌጅ አዳራሽ አምስተኛ ፎቅ፣ ከጣሪያው ሥር የሚገኝ ክፍል ነበር። ከመሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ በሳንፎርድ ንድፍና እርዳታ የተሠሩ ናቸው። ትምህርቱ «ሥነ ልቡና ከሥነ አካል አንፃር» የሚል ርእስ ተሰጠው። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት ተማሪዎችም ከ50 በላይ ሆኑ። ይህ ቁጥር ለአንድ አዲስና አስቸጋሪ ነው ለሚባል ትምህርት ከፍ ያለ ነበር።

ወይዘሪት ካልኪንስ በ1892 በአሜሪካ የሥነ ልቡና መጽሔት ላይ ባወጡት ዘገባ የትምህርቱን አካሄድ ገልጸዋል። ትምህርቱ የሚጀምረው በአንጎልና በሥርዓተ ነርቭ ጥናት ነበር። ለዚህም ተማሪዎቹ የበግ አንጎል እየከፈቱ ክፍሎቹን ይለዩ ነበር። በምስል የሚያውቁትን ነገር በእጃቸው ይዘው መመርመራቸው ብዙዎቹን በመጀመሪያ ሳያስደነግጥ አልቀረም። ይሁንና አንጎል የሐሳብ መሥሪያ አካል ነው የሚለው ዐረፍተ ነገር ትርጉም የሚያገኘው አካሉ በዓይን ሲታይ ነው።

ቀጥሎ የስሜት ሕዋሳት ጥናት ይመጣል። በዘመኑ የጀማሪዎች መልመጃ ከነበሩት ውስጥ ሦስቱን መጥቀስ ይበቃል። አንደኛው የኮምፓስን ሁለት ጫፎች በቆዳ ላይ በማሳረፍ የሚደረገው የመዳሰስ ሙከራ ነው። ሁለቱ ጫፎች በጣት ጫፍ ላይ ሲያርፉ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት እንኳ ሁለት መሆናቸው ይታወቃል፤ በጀርባ ላይ ሲያርፉ ግን በብዙ ሚሊሜትር ተራርቀውም እንደ አንድ ሊሰሙ ይችላሉ። ሁለተኛው በቀዘቀዘና በሞቀ የብረት ጫፍ ቆዳን ነጥብ በነጥብ በመንካት፣ ብርድን ብቻ የሚለዩትን ነጥቦች ሙቀትን ብቻ ከሚለዩት መለየት ነው። ሦስተኛው በወረቀት ላይ የተሳሉ ሁለት ምልክቶችን አንድ ዓይን ጨፍኖ በመመልከት፣ አንደኛው ምልክት ከእይታ የሚሰወርበትን ቦታ መፈለግ ነው። ይህ የዓይን ዕውር ነጥብ በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚገኝ ቢሆንም ሰው በዕለት ተዕለት ኑሮው ፈጽሞ አያስተውለውም።

የእነዚህ መልመጃዎች ጥቅም በሁለት ረገድ ይታያል። በአንድ በኩል ተማሪዋ መርማሪ ናት፤ ጫፎቹን ታሳርፋለች፣ ትለካለች፣ ትመዘግባለች። በሌላ በኩል ተመርማሪ ናት፤ ዓይኗን ጨፍና የተሰማትን ትናገራለች። ተራ በተራ ቦታ በመለዋወጥ ውጤት ስታወዳድር፣ የአንዷ ቆዳ ከሌላዋ እንደሚለይ፣ ድካምና ልምምድም ውጤቱን እንደሚለውጡ በራስዋ ትደርስበታለች። አንድ ጊዜ የተገኘ ውጤት እንደማይበቃ፣ ሙከራ መደጋገም እንዳለበት የምትረዳውም እዚሁ ላይ ነው። ከስሜት ሕዋሳት በኋላ ትምህርቱ ወደ ሐሳቦች ትስስር፣ ወደ ትኩረት፣ ወደ ማስታወስና ወደ መሳሰሉት ይሸጋገር ነበር። ወይዘሪት ካልኪንስ ሙከራው ተማሪዋ ወደ ውስጥዋ ተመልክታ የምታገኘውን ዕውቀት እንዲያግዝ እንጂ እንዲተካው አልፈለጉም። የመለኪያው ቁጥርና የሰውየው የራሱ ምስክርነት ጎን ለጎን መቆም አለባቸው የሚል እምነት ነበራቸው።

4. የመቶ ቃላት ክርክር

በአነስተኛ ኮሌጅ የሚደረግ የተማሪዎች ጥናት ለልምምድ ያህል ብቻ ነው ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። በዌልስሌይ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ከቤተ ሙከራው የወጡ ጥናቶች የኮሌጁን ስም በያዘ ተከታታይ ርእስ በሙያው መጽሔቶች ይታተሙ ነበር። ከእነዚህም ይበልጥ የሚታወሰው በ1895 በኮርዴሊያ ኔቨርስ ስም የወጣው ነው።

የነገሩ መነሻ የሚከተለው ነው። ጆሴፍ ጃስትሮ የተባሉት የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር 25 ወንዶችና 25 ሴቶች ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ወደ አእምሮአቸው የመጣላቸውን 100 ቃላት በፍጥነት እንዲጽፉ አደረጉ። ቃላቱን በየዓይነታቸው ከፋፍለው ከቆጠሩ በኋላ በ1891 ባወጡት ጽሑፍ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። የሴቶች አእምሮ በቅርብ ባለው፣ በተጠናቀቀው፣ ለጌጥ በሚውለውና በግለሰባዊው ነገር ላይ ያተኩራል፤ የወንዶቹ ግን ራቅ ወዳለው፣ ወደ ገንቢው፣ ወደ አጠቃላዩና ወደ ረቂቁ ያዘነብላል አሉ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ የእርስ በርሳቸውን ቃላት እንደሚደጋግሙም ጻፉ። ይህ መደምደሚያ የሐኪሙ የክላርክን መጽሐፍ ያህል ጨካኝ ባይሆንም፣ በቁጥር የተደገፈ በመሆኑ ለመቃወም ይበልጥ አስቸጋሪ ነበር።

የዌልስሌይ ቤተ ሙከራ የመረጠው መንገድ ጃስትሮን በንግግር መቃወም አልነበረም። ተማሪዎቹም ተቀምጠው 100 ቃላት ጻፉ፤ ቃላቱም በጃስትሮ አከፋፈል ተመደቡ፣ ተቆጠሩም። የተገኘው ውጤት ጃስትሮ የሴት አእምሮ ጠባይ ነው ካሉት በብዙ ነጥብ የተለየ ሆነ። አንድ ሕግ በሁሉም ሴቶች ላይ የሚሠራ ከሆነ በዌልስሌይ ሴቶችም ላይ መሥራት ነበረበት። ስላልሠራ ግን ሕግነቱ አጠራጣሪ ሆነ። ጃስትሮ በ1896 መልስ ሰጡ፤ ወይዘሪት ካልኪንስም በዚያው ዓመት በጽሑፍ መለሱ። የመልሳቸው ፍሬ ነገር ከቁጥሩ አልፎ የሚሄድ ነበር። ወንድና ሴት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በተለያየ አካባቢና አስተዳደግ ውስጥ የሚያልፉ በመሆናቸው፣ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት ከተፈጥሮ ይሁን ከአስተዳደግ በእንዲህ ዓይነቱ ሙከራ ሊለይ አይችልም የሚል ነበር።

ይህ ክርክር ለትምህርት ባለሙያ ሁለት ቁም ነገሮች ይዟል። አንደኛ፣ ተማሪዎች ስለ ራሳቸው የተነገረውን ነገር በተነገረበት ዘዴ መልሰው የመመርመር ዕድል ማግኘታቸው ነው። የሥነ ልቡና ትምህርት ከዚህ የበለጠ ጥቅም ሊሰጥ አይችልም። ሁለተኛ፣ ሙከራው የጠየቀው ወረቀትና እርሳስ ብቻ መሆኑ ነው። የጃስትሮ መደምደሚያ የተፈተነው ውድ በሆነ መሣሪያ ሳይሆን በትክክል በቀረበ ጥያቄና በጥንቃቄ በተደረገ ቆጠራ ነበር።

5. የተከለከለው ዲግሪ

ወይዘሪት ካልኪንስ ማስተማራቸውን ሳያቋርጡ የራሳቸውን ትምህርት ቀጠሉ። ሁጎ ሙንስተርበርግ በ1892 ከጀርመን መጥተው የሃርቫርድን ቤተ ሙከራ መምራት ሲጀምሩ፣ ካልኪንስ በእንግድነት እዚያ እንዲሠሩ ፈቃድ አገኙ። ከ1894 እስከ 1895 ባለው የትምህርት ዓመት ደግሞ ከኮሌጁ ፈቃድ ወስደው ሙሉ ጊዜያቸውን ለምርምሩ አዋሉ። ጥናታቸው ሐሳቦች በአእምሮ ውስጥ እንዴት እንደሚተሳሰሩ የሚመረምር ነበር። ለተመርማሪዎች አንድ ቀለምና አንድ ቁጥር አከታትለው ያሳዩና፣ በኋላ ቀለሙን ብቻ በማሳየት ቁጥሩ ይታወስ እንደሆነ ይጠይቃሉ። አንዱ ጥንድ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፣ ሌላው በመጨረሻ ይቀርባል፣ ሌላው ጎልቶ እንዲታይ ይደረጋል። ከሁሉ ይበልጥ ለማስታወስ የረዳው መደጋገሙ ሆኖ ተገኘ። ይህ ጥንድ ነገሮችን አቅርቦ የማስታወስ ችሎታን የመመርመር ዘዴ ከዚያ በኋላ በሙያው የተለመደ መሣሪያ ሆኗል።

በ1894 ሙንስተርበርግ ወይዘሪት ካልኪንስ የዶክትሬት ዲግሪ ዕጩ ሆነው እንዲመዘገቡ የዩኒቨርሲቲውን የበላይ አስተዳደር ጠየቁ፤ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። በግንቦት 1895 ጄምስ፣ ሮይስና ሙንስተርበርግ ጭምር የተገኙበት የመምህራን ጉባኤ መደበኛ ያልሆነ የዶክትሬት ፈተና ሰጣቸው። ፈታኞቹም ለዲግሪው የሚጠየቀውን ሁሉ እንዳሟሉ በአንድ ድምፅ መሰከሩ። ዩኒቨርሲቲው ግን ሴት በመሆናቸው ዲግሪውን ከለከለ። በ1902 ራድክሊፍ የተባለው የሴቶች ኮሌጅ በራሱ ስም የዶክትሬት ዲግሪ ሊሰጣቸው ሐሳብ አቀረበ። ወይዘሪት ካልኪንስ አመስግነው አልተቀበሉትም። ምክንያቱም የተማሩትና የተፈተኑት በሃርቫርድ እንጂ በራድክሊፍ አልነበረም። ዲግሪውን መቀበል ኑሮአቸውን ሊያቃልልላቸው ይችል ነበር፤ ነገር ግን መቀበሉ ሃርቫርድ ለሴቶች የዘጋውን በር እንደ ትክክለኛ ሥርዓት መቁጠር መሰላቸው።

ዲግሪው ቢቀርም የሙያ ባልደረቦቻቸው ዳኝነት አልቀረም። በ1905 የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በዚህ ሥልጣን የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በ1918 ደግሞ የአሜሪካ የፍልስፍና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ። የሁለቱንም ማኅበራት አመራር የያዙት የዌልስሌይ መምህርት ሆነው ነው። እስከ 1929 በዚያው አስተምረው ጡረታ ወጡ፤ በሚቀጥለው ዓመትም አረፉ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ በሚሺጋን የሚገኘው የካላማዙ ኮሌጅ የሥነ ልቡና ተማሪዎች ሃርቫርድ ዲግሪውን ከሞቱም በኋላ ቢሆን እንዲሰጣቸው አቤቱታ አቀረቡ። አቤቱታው ባይሳካም፣ ጥያቄውን ያነሡት እንደገና የአንድ አነስተኛ ኮሌጅ ተማሪዎች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

6. ቤተ ሙከራው ከመሥራችዋ በኋላ

የአንድ ሥራ ጥንካሬ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ከጀመረው ሰው እጅ ከወጣ በኋላ መቀጠሉ ነው። በ1898 የቤተ ሙከራው ኃላፊነት ለኤሊኖር ጋምብል ተላለፈ። ጋምብል በ1889 ከዚሁ ከዌልስሌይ የተመረቁ ሲሆን፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አግኝተው የተመለሱ ነበሩ። በማሽተት ስሜትና በማስታወስ ላይ ምርምር እያካሄዱ ተማሪዎችን በሥራው ያሳትፉ ነበር። ኮሌጁ ያፈራት ተማሪ ተመልሳ የኮሌጁን ቤተ ሙከራ መምራትዋ የዘሩ መልሶ መብቀል ነው።

ወይዘሪት ካልኪንስ በበኩላቸው ጊዜያቸውን ለመጻሕፍት ዝግጅትና ለማስተማር ዘዴ አዋሉ። በ1910 የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር ስለ ትምህርቱ አሰጣጥ ያቋቋመው ኮሚቴ ዘገባ ሲወጣ፣ ቤተ ሙከራ በሌላቸው ኮሌጆች የጀማሪ ሥነ ልቡና እንዴት መሰጠት እንዳለበት የሚያትተውን ክፍል የጻፉት እርሳቸው ናቸው። የራሳቸው ቤተ ሙከራ የነበራቸው ሰው ስለሌላቸው ማሰባቸው የሚያስመሰግን ነው። በዚህ ጽሑፍ ሽምደዳን አጥብቀው ተቃወሙ፤ መምህሩ በንግግር ብቻ ክፍለ ጊዜውን መሙላቱንም አልደገፉም። ይልቁንም ተማሪው ተጨባጭ የሆነ ችግር አስቀድሞ እንዲሰጠውና በራሱ ልምድ ላይ ተመሥርቶ መልሱን ፈልጎ ወደ ክፍል እንዲመጣ መከሩ።

መጋቢት 17 ቀን 1914 ገና ሳይነጋ ኮሌጅ አዳራሽ በእሳት ተያያዘ። ተማሪዎቹ ተሰልፈው በሥርዓት ስለ ወጡ የሰው ሕይወት አልጠፋም። ሕንፃው ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደመ። በዓመታት ውስጥ የተሰበሰቡት የሥነ ልቡና መሣሪያዎችም አብረው ጠፉ። ይህም ሆኖ ትምህርቱ አልተቋረጠም። ጋምብል ቤተ ሙከራውን እንደ አዲስ አደራጁት። የተቃጠለው ዕቃው ነበር፤ የሚሠራበትን ዘዴ ግን መምህራኑም ተማሪዎቹም ያውቁት ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚከተሉት ነጥቦች ይወጣሉ።

ሀ/ የዌልስሌይ የሥነ ልቡና ትምህርት የተጀመረው በመምህር ዝግጅት እንጂ በመሣሪያ ግዥ አልነበረም። ኮሌጁ መምህርቱን መርጦ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲማሩ ካደረገ በኋላ ነው 200 ዶላሩን የመደበው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ፣ መሣሪያው በአምስተኛው ፎቅ አቧራ ለብሶ በቀረ ነበር። በዕቅድ ሥራ ላይ የመሣሪያ ዋጋ በቀላሉ ይሰላል፤ የመምህር ዝግጅት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ከሒሳቡ ውጪ ይቀራል። ዋናው ወጪ ግን እርሱ ነው።

ለ/ ሥነ ልቡና ከሌሎች ሳይንሶች የሚለይበት አንድ ዕድል አለው። የሚመረመረው ነገር ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር ወደ ክፍል ይገባል። ቆዳ፣ ዓይን፣ ትዝታና ሕልም ከውጭ አገር አይገዙም። ኮምፓስ፣ ወረቀት፣ እርሳስና ሰዓት ባሉበት ክፍል የተማሪውን አስተያየት ወደ ማስረጃ የሚያሸጋግር መልመጃ ማዘጋጀት ይቻላል። የክፍሉ አነስተኛ መሆንም ተማሪው መርማሪና ተመርማሪ ሆኖ ሁለቱንም ወገን እንዲያይ ያመቻል።

ሐ/ ትምህርቱ ከሁሉ የበለጠ ፍሬ ያፈራው ጥያቄው የተማሪዎቹ የራሳቸው ጉዳይ በነበረበት ጊዜ ነው። የመቶ ቃላቱ ጥናት ስለ ሴቶች አእምሮ የተሰጠውን ፍርድ ፍርዱ በተሰጠባቸው ተማሪዎች እጅ አስመርምሯል። ስለ አንድ ወገን ልጆች የመማር ችሎታ የሚነገሩ ቁጥሮች በማንኛውም ዘመን ሲቀርቡ፣ አስተዳደግና አካባቢ ከሒሳቡ ወጥተው እንደሆነ መጠየቅ የመምህሩ የዘወትር ግዴታ ነው።

መ/ በመጨረሻም፣ መልካም ትምህርት ብቻውን የተዘጋ በር አይከፍትም። ወይዘሪት ካልኪንስ የሚጠየቀውን ሁሉ አሟልተው ዲግሪውን አላገኙም። ሃርቫርድ ለሴቶች ዲግሪውን መስጠት የጀመረው በ1963 ነው፤ ይህም እርሳቸው ካረፉ ከ33 ዓመት በኋላ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ ዕውቀት የነበራቸው፣ ምስክር ወረቀት ግን የተነፈጋቸው ሰዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው የክፍሎችንና የመሣሪያዎችን ብዛት ሲቆጥር፣ ተምሮ የጨረሰው ሰው በየትኛው በር እንደሚወጣና በሩም ክፍት መሆን አለመሆኑን አብሮ መመርመር ይኖርበታል።

በጣሪያ ሥር የተከፈተው ያ ክፍል ከሕንፃው ጋር ተቃጥሏል። በዚያ ክፍል የተጀመረው ልማድ፣ ይኸውም ተማሪ የተነገረውን ከመቀበሉ በፊት ለክቶ ማየቱ፣ ከእሳቱ ተርፎ እንዲቀጥል ያደረጉት በዚያው የተማሩት ናቸው።